የሰው ለቅሶ በ10 ሳንቲም፦ የዜና ፎቶ በጅምላ አይሸጥም

«ሃርድ ዲስክ ላይ ከሚበሰብስ 10 ሳንቲም ያምጣ።»

ይህችን አባባል ከፎቶ አንሺዎች አፍ ያልሰማ የለም። እዚሁ ቴሌግራም ላይ «ከቤትዎ ሳይወጡ በዶላር ይከፈሉ» እያሉ ስልጠና የሚሸጡትም የሚጀምሩት በእሷ ነው። ካሜራ ወይም ደህና ስልክ ይኑርህ፣ ስቶክ ድረ ገጽ ላይ አካውንት ክፈት፣ ያነሳኸውን ሁሉ ጫን፣ አንተ ተኝተህ ዶላሩ ይገባል። ለቡና ስኒ፣ ለአደይ አበባ፣ ለጀበና ጭስ ከሆነ ይሁን። እኔ ዛሬ ጠቤ ከቡና ስኒው ጋር አይደለም። ጠቤ በዚያው ጆንያ አብሮ እየተከተተ ስላለው ሌላ ነገር ነው፦ ሰልፍ፣ ለቅሶ፣ ተፈናቃይ፣ የጎርፍ አደጋ፣ የፈረሰ ሰፈር። በእነሱ ቋንቋ ይህ «ኤዲቶሪያል» ይባላል።

አቋሜን ከወዲሁ ላስቀምጥ። የዜና ፎቶን በወርኃዊ ደንበኝነት ለሚሸጡ ስቶክ ድረ ገጾች መጫን ፎቶ አንሺውን ያደኸያል፣ ፎቶው ላይ ያለውን ሰው ያጋልጣል፣ የአገርን ማስታወሻ ደግሞ በባዕድ መጋዘን ያስቀምጣል። ጥፋተኛው ግን የውጭ ኩባንያ ብቻ አይደለም። የአገር ውስጥ ሚዲያም ትልቅ ድርሻ አለው፤ ወደ እሱም እመጣለሁ።

ኤዲቶሪያል ሲባል

ስቶክ ድርጅቶች ፎቶን በሁለት ይከፍሉታል። አንዱ ለማስታወቂያ የሚሆነው ነው። እዚያ ላይ ፊቱ የሚለይ ሰው ካለ የፈቃድ ፊርማው ይጠየቃል፤ የንግድ ምልክት ካለም መጥፋት አለበት። ሁለተኛው ኤዲቶሪያል ነው፤ ለዜና፣ ለመጽሔት፣ ለመማሪያ መጽሐፍ የሚውለው። ኤዲቶሪያል የባለምስሉን ፊርማ አይጠይቅም። በምትኩ ፎቶው እንዳይነካካ፣ ቦታውና ቀኑ በትክክል እንዲጻፍ፣ ለማስታወቂያም እንዳይውል ያዛል።

ሐሳቡ በራሱ ነውር የለበትም። ዜና ፊርማ እየተለቀመ አይሠራም። ልጇን አዝላ ከጎርፍ የምትወጣን እናት «እዚህ ጋ ይፈርሙልኝ» የሚል ሰው የለም። የእኛም ሕግ ይህን ያውቃል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 27 የማንኛውም ሰው ፎቶግራፍ ያለ ፈቃዱ በአደባባይ እንዳይታይ፣ እንዳይባዛ፣ ለሽያጭም እንዳይቀርብ ይከለክላል። ቀጥሎ በአንቀጽ 28 በር ይከፍታል፦ ሰውዬው የታወቀ ወይም በመንግሥት ሥራ ላይ ያለ ከሆነ፣ ወይም ፎቶው ሕዝብን ከሚመለከት ወይም በአደባባይ ከተፈጸመ ነገር ጋር የተያያዘ ከሆነ ፈቃድ አያስፈልግም።

«ለሽያጭ» የሚለውን ቃል ልብ በሉልኝ። ሕግ አውጪው ከ60 ዓመት በፊት ጽፎታል። በሩ የተከፈተው ሕዝብ የሆነውን እንዲያውቅ ነው። የሰው ፊት እንደ ሽንኩርት በኪሎ እንዲቸረቸር አይደለም። የስቶክ ገበያው ያደረገው ይህንን ነው፦ ለዜና የተከፈተውን በር የመጋዘን መግቢያ አደረገው።

ዋጋው እንዴት እዚህ ደረሰ

ቀደም ሲል ፎቶ የሚሸጠው በአጠቃቀሙ ልክ ነበር። ሽፋን ላይ ነው የሚወጣው ወይስ ውስጥ ገጽ? በስንት ኮፒ? በየትኛው አገር? ለስንት ጊዜ? ዋጋው በዚያ ይቆረጣል፣ ኤጀንሲውና ፎቶ አንሺውም አብዛኛውን ጊዜ እኩል ይካፈሉ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ2000 በካናዳ ካልጋሪ ከተማ አይስቶክፎቶ የሚባል ድረ ገጽ ተከፈተ። ሲጀመር ፎቶ መለዋወጫ ነበር፤ ቆይቶ በሳንቲም መሸጫ ሆነ። በ2003 ኒው ዮርክ ላይ ሸተርስቶክ ተመሠረተ። የእሱ ዘዴ ደንበኝነት ነው፦ ገዢው የተወሰነ ገንዘብ በየወሩ ይከፍላል፣ ከመጋዘኑ እንደ ፓኬጁ ብዛት ያለው ፎቶ ያወርዳል። በ2006 ትልቁ ጌቲ ኢሜጅስ አይስቶክን በ50 ሚሊዮን ዶላር ገዛው። ርካሹን ገበያ ሊገታው አይደለም፤ ባለቤት ሊሆንበት ነው።

ከዚያ በኋላ ቁልቁለት ነው። አላሚ የሚባለው የእንግሊዝ ድርጅት «ግማሽ ለግማሽ» በሚለው ይወደድ ነበር። በ2019 ፎቶውን ሌላም ቦታ ለሚሸጥ ሰው ድርሻውን ወደ 40 በመቶ አወረደው። በ2020 ፒኤ ሚዲያ የተባለው ኩባንያ ገዛው። በ2021 ደግሞ ሽያጩ በዓመት 250 ዶላር የማይሞላለት ፎቶ አንሺ 20 በመቶ ብቻ እንዲያገኝ ተወሰነ። ብዙ የሸጠ ብዙ፣ ጥቂት የሸጠ ጥቂት። ላለው ይጨመርለታል የሚባለው እንዲህ ያለው ነው።

ሸተርስቶክ በጁን 2020፣ ዓለም በኮሮና ቤቱ ተዘግቶ በነበረበት ሰዓት፣ የአከፋፈል ሥርዓቱን ቀየረ። ድርሻው በደረጃ ከ15 እስከ 40 በመቶ ሆነ። ዝቅተኛው ክፍያ በአንድ ማውረድ 10 የአሜሪካ ሳንቲም ነው። ከሁሉ የሚብሰው ግን ይሄ ነው፦ ዓመቱን ሙሉ ተሯሩጠህ የወጣኸው ደረጃ ጃንዋሪ 1 ቀን ይሰረዛል፣ እንደገና ከታች ትጀምራለህ። በዚያን ጊዜ በየአገሩ ያሉ ፎቶ አንሺዎች ተቃወሙ፣ አንዳንዶቹም ሥራቸውን ከሽያጭ አነሱ። ሥርዓቱ ግን አልተመለሰም። በጃንዋሪ 2025 ደግሞ ጌቲና ሸተርስቶክ ሊዋሐዱ መስማማታቸውን አስታወቁ፤ የጋራ ዋጋቸው ወደ 3.7 ቢሊዮን ዶላር ይጠጋል ተባለ። ሁለቱ ትልልቅ ነጋዴዎች አንድ ሱቅ ሲሆኑ ሻጩ የሚደራደረው ከማን ጋር ነው?

አሁን ወደ አገራችን ሰው ሒሳብ እንምጣ። ፎቶህ በዝቅተኛው ዋጋ ወረደ፤ 10 ሳንቲም። ገዢው አሜሪካ ውስጥ ከሆነ ታክስ አለ። የአሜሪካ ሕግ ለውጭ ሰው ከሚከፈል ሮያሊቲ 30 በመቶ ይቆርጣል። ከአሜሪካ ጋር የታክስ ስምምነት ያላቸው አገሮች ነዋሪዎች በዚያ ስምምነት መሠረት ይቀነስላቸዋል። ኢትዮጵያ እንዲህ ዓይነት ስምምነት የላትም። ስለዚህ 7 ሳንቲም ቀረህ። እሷም ብትሆን እጅህ አትገባም። ድርጅቱ የሚከፍለው ሒሳብህ የተወሰነ መጠን ሲሞላ ነው፤ 35 ዶላር ይሙላ ቢባል በ7 ሳንቲም 500 ጊዜ መውረድ አለበት። ከዚያ ገንዘቡን ወደ አገር የማስገባቱ ጣጣ ለብቻው አለ። ስክሪኑ ላይ ቁጥሩ ይታያል፣ ኪስ ግን ባዶ ነው። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ።

ለዚህ 7 ሳንቲም ምን ወጣ? ትራንስፖርት፣ የሞባይል ካርድ፣ በዕዳ የተገዛ ሌንስ፣ በሰልፉ መሐል የተበላ ዱላ፣ «ማን ፈቀደልህ?» ተብሎ ጣቢያ የታደረበት ሌሊት።

የዜና ፎቶ ዕድሜ

«ከምንም ይሻላል» ባዮች የማያነሱት አንድ ነገር አለ። የዜና ፎቶ ዋጋው በሁለት ጊዜ ላይ ነው። አንደኛው ድርጊቱ በተፈጸመ በሰዓታት ውስጥ ነው፤ ሁሉም ሲፈልገው፣ ያለው ግን በአንተ እጅ ብቻ ሲሆን። ሁለተኛው ከዓመታት በኋላ ነው፤ መታሰቢያ ሲከበር፣ መጽሐፍ ሲጻፍ፣ ዶክመንተሪ ሲሠራ፣ አጣሪ ኮሚሽን ማስረጃ ሲጠይቅ። በመካከል ፎቶው ይተኛል።

የጅምላ ስቶክ ሁለቱንም ያበላሻል። መጀመሪያ ፎቶህ ተመርምሮ ድረ ገጹ ላይ እስኪወጣ ዜናው ሊያረጅ ይችላል። ቀጥሎም አንዴ በ10 ሳንቲም ለማንም ከተከፈተ በኋላ «ለእናንተ ብቻ» ብለህ ለመጽሔት ማቅረብ አትችልም። ከ20 ዓመት በኋላ የሚመጣው የመጽሐፍ አሳታሚም ያንኑ ያውቃል፤ አንተን ለምን ይደውልልሃል? መጋዘኑ ገብቶ ያወርዳል። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው ለዚህ ነው።

የሙርሲን ሴት ተመልከቱ። ደቡብ ኦሞ የሄደ ቱሪስት ሁሉ እንደሚያውቀው ፎቶ ሊያነሳት ሲል መጀመሪያ ዋጋ ትነግረዋለች። በአንድ ንሺ አንድ ክፍያ፤ ካሜራው በተጫነ ቁጥር ትቆጥራለች። ስንቶቻችን «ቱሪስት አበላሻቸው» ብለን ከንፈር መጠጥን! እውነቱ ግን እሷ ከአዲስ አበባው ባለ ካሜራ ይልቅ የፎቶን ንግድ ታውቃለች። ከመነሳቷ በፊት ትደራደራለች፣ እጅ በእጅ ትቀበላለች። እኛ ግን ካነሳን በኋላ ዋጋውን ሌላ ሰው እንዲነግረን እንጠብቃለን። ያሳዝናል የምለው ሌላውን ነገር ነው፦ እሷ አንዴ የተቀበለችበት ፊት በስቶክ መጋዘን ውስጥ ለዓመታት ሲሸጥ ይኖራል፣ ያንን ግን ማንም አልነገራትም።

ታላቁ መጋዘን ለባለመብት ያለው ክብር

«እነሱ ግን ሕጋዊ ናቸው፣ መብትህን ያስከብሩልሃል» የሚል ይኖራል። የሄይቲውን ፎቶ አንሺ የዳንኤል ሞሬልን ጉዳይ እንይ።

እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 12 ቀን 2010 ፖርቶ ፕሪንስ በመሬት መንቀጥቀጥ ስትፈርስ ሞሬል እዚያው ነበር። ያነሳቸውን ፎቶዎች በትዊተር በኩል ለቀቃቸው። ሌላ ሰው የራሱ አስመስሎ መልሶ ለጠፋቸው። ኤኤፍፒ ፎቶዎቹን ከዚያ ወስዶ በተሳሳተ ስም አሠራጨ፣ ጌቲም ለደንበኞቹ አከፋፈላቸው። ሞሬል መብቴ ነው ሲል ኤኤፍፒ ይቅርታ አልጠየቀም፤ ቀድሞ እሱን ከሰሰው። ክርክሩ ዓመታት ፈጅቶ በኖቬምበር 2013 የኒው ዮርክ ዳኞች ጉባኤ ኤኤፍፒና ጌቲ ሆን ብለው መብቱን ጥሰዋል በማለት 1.2 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፍሉት ፈረደ።

ሞሬል አሸነፈ። ግን ሞሬል በሙያው የታወቀ ሰው ነበር፣ ጠበቃ አቆመ፣ ወደ አራት ዓመት ታገለ። አንድ የደሴ ወይም የጅማ ወጣት ፎቶው ያለ ስሙ ቢሸጥ ኒው ዮርክ ሄዶ ይከራከራል?

ሌላ ምሳሌ ልጨምር። ቢል ጌትስ በ1989 ያቋቋመው ኮርቢስ የተባለ ድርጅት በ1995 የቤትማንን የፎቶ ማኅደር ገዛ፤ የ20ኛው ክፍለ ዘመን ትልልቅ የዜና ፎቶዎች ያሉበት ክምችት ነው። በጃንዋሪ 2016 ኮርቢስ የፎቶ ሀብቱን ለቻይናው ቪዡዋል ቻይና ግሩፕ ሸጠ፤ ከቻይና ውጭ የሚያከፋፍለው ደግሞ ጌቲ ሆነ። ዛሬ የአፄ ኃይለሥላሴን የድሮ የዜና ፎቶ ለመጽሐፍ ሽፋን የሚፈልግ ኢትዮጵያዊ ጸሐፊ ብዙ ጊዜ የሚያንኳኳው የእነዚህን ድርጅቶች በር ነው። ታሪካችን ለእኛ የሚሸጥልን ዕቃ ሆኗል።

ከዚህ ትምህርት ውሰዱ። ባለ ሀብቶች የድሮ የዜና ፎቶ ክምችት የሚገዙት ስለሚያምር አይደለም። ጊዜ ሲያልፍ ዋጋው እንደሚጨምር ስለሚያውቁ ነው። እነሱ ማኅደር በሚሊዮን ሲገዙ እኛ ማኅደራችንን በሳንቲም እንበትናለን።

ፎቶው ላይ ያለው ሰውስ?

እስካሁን ያወራሁት ስለ ፎቶ አንሺው ኪስ ነው። ከዚያ የሚከብድ ነገር አለ።

ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. ኬንያዊው ካሜራማን መሐመድ አሚንና የቢቢሲው ማይክል ቡርክ ከኮረም ያጠናቀሩት ዘገባ ተላለፈ። ዓለምን አናወጠ፣ እርዳታም አመጣ፤ ይህን የሚክድ የለም። ነገር ግን በዚያ ዘመን የተነሱት ፊቶች ከ40 ዓመት በኋላም «ረሃብ» ለሚለው ቃል መግለጫ ሆነው ይኖራሉ። ከእነዚያ ልጆች አንዷ ብርሃን ወልዱ አድጋ፣ ተምራ፣ በ2005 ለንደን ላይ በላይቭ 8 መድረክ በሕዝብ ፊት ቆመች። ዓለም ስሟን አወቀ። የሌሎቹን ግን ስም የጠየቀ የለም። ከፎቶው በታች «ሕፃን፣ ኢትዮጵያ» ይላል፣ በቃ።

የስቶክ ሥርዓት ይህን ያባብሰዋል። ፎቶውን ስትጭን ቁልፍ ቃላት ትሞላለህ። «ድህነት»፣ «ተስፋ መቁረጥ»፣ «አፍሪካ»፣ «ስደት»። ብዙ ቃል ብዙ ፍለጋ ያመጣል፣ ብዙ ፍለጋም ብዙ ማውረድ። አንዲት ሴት ቀብር ላይ ስታለቅስ ያነሳሃት በአንድ ቀን፣ በአንድ መንደር፣ በአንድ ወንድሟ ምክንያት ነበር። መጋዘኑ ውስጥ ስትገባ ግን «የምታለቅስ አፍሪካዊት» ትሆናለች። ማን እንደሚገዛት አታውቅም። አብዛኞቹ ድረ ገጾች የገዢውን ስም አይነግሩህም። ስለ ሌላ ጦርነት፣ ስለ ሌላ ብሔር፣ ስለ ሌላ በሽታ በተጻፈ ጽሑፍ ላይ ስትወጣ የምታገኛት በአጋጣሚ ነው። የኤዲቶሪያል ደንብ ለማስታወቂያ እንዳትውል ይከላከላል፤ ለውሸት እንዳትውል የሚጠብቃት ግን የገዢው ሕሊና ብቻ ነው።

በአገራችን ደግሞ ይህ የሐሳብ ክርክር ብቻ አይደለም። የአንዱ ክልል ፎቶ የሌላው ነው ተብሎ ሲሠራጭ፣ የቆየ ፎቶ ትናንት የሆነ ተደርጎ ሲለጠፍ፣ ሰው በፎቶ ምክንያት ሲጠቆም አይተናል። ሰልፍ ላይ ጥርት ብሎ የሚታይ ፊት፣ ቦታና ቀን ተጽፎበት፣ ካርድ ላለው ሁሉ በሽያጭ ሲቀርብ አደጋው የማን ነው? የፎቶ አንሺው 7 ሳንቲም ይገባል። የዚያ ልጅ ጣጣ የት ይገባል?

አሁን ደግሞ ሰው ሠራሽ አስተውሎት መጣ። ሸተርስቶክ ፎቶዎቹን ለማሠልጠኛ እንዲጠቀምባቸው ከኦፕንኤአይ ጋር በ2023 የስድስት ዓመት ስምምነት አድርጓል። ለፎቶ አንሺዎች የሚከፋፈል ፈንድ አለ፣ የማይፈልግም ቅንብሩ ውስጥ ገብቶ መዝጋት ይችላል፤ ይህን መናገር ፍትሐዊ ነው። ግን ፎቶው ላይ ያለችው ሴት የምትዘጋው ቅንብር የላትም። ጌቲ ራሱ ፎቶዎቼን ያለ ፈቃድ ወስዶ ማሽን አሠልጥኖበታል ብሎ ስታቢሊቲ ኤአይን በ2023 ከሰሰ፤ በኖቬምበር 2025 የለንደን ፍርድ ቤት አብዛኛውን ክርክሩን አልተቀበለውም። ቢሊዮን ያለው ያልተሳካለትን ትግል አንተ በነጠላ አካውንትህ ትወጣዋለህ?

አሁን ወደ ቤታችን

የውጭውን ሰድቤ ብቻ ብጨርስ አድርባይ እሆናለሁ። ፎቶ አንሺው ወደ 10 ሳንቲሙ መጋዘን የሚሸሸው አገሩ ውስጥ 10 ሳንቲምም የሚከፍለው ስላጣ ነው።

የዜና ገጾቻችንን ክፈቱ። ፎቶው ሥር ምን ይላል? «ምንጭ፦ ማኅበራዊ ሚዲያ»። ማኅበራዊ ሚዲያ ካሜራ የለውም። ማኅበራዊ ሚዲያ ፀሐይ ላይ አልቆመም። ወይም «ፎቶ፦ ከፋይል» ይላል። ፋይሉ ማነው? ከዚህም የባሰ አለ፤ የፎቶ አንሺው ስም የተጻፈበት ጠርዝ ተቆርጦ በቦታው የጣቢያው አርማ ይለጠፋል። ሌባ የሰረቀውን በሬ በራሱ ማኅተም ሲተኩስ ማለት ነው። የሚገርመው እነዚሁ ጣቢያዎች ቪዲዮአቸው ዩቲዩብ ላይ ሲወሰድባቸው «የቅጂ መብት!» ብለው ይጮሃሉ።

ሕግ አለን። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ፎቶግራፍን ይጠብቃል፣ የሠሪው ስም እንዲጠቀስም መብት ይሰጣል። ሆኖም ሕጉ ራሱ ፎቶን አሳንሶ ነው ያየው። የደራሲ መጽሐፍ ዕድሜ ልኩንና ከሞተም በኋላ 50 ዓመት ይጠበቅለታል። ፎቶግራፍ ግን ከተነሳበት ቀን ጀምሮ 25 ዓመት ብቻ። በዚህ ስሌት በ1990 ዓ.ም. በባድመ ግንባር ሕይወቱን አስይዞ ያነሳ ሰው በፎቶዎቹ የመጠቀም ጊዜው አልፎበታል፤ እሱ በሕይወት እያለ። ይህ አንቀጽ መሻሻል አለበት። ደራሲ ቁጭ ብሎ የጻፈው ከሞቱ በኋላ ልጆቹን ሲጦር፣ ፎቶ አንሺ ጥይት መሐል ቆሞ ያነሳው ራሱን እንኳ በሽምግልናው የማይጦርበት ምክንያት የለም።

«ሚዲያው ድሃ ነው፣ ከየት አምጥቶ ይክፈል?» ይሉኛል። ለስቱዲዮ መብራት፣ ለወንበር፣ ለእንግዳ ሆቴል የሚከፈል አለ። ደግሞስ ስም መጻፍ ስንት ብር ይፈጃል?

ለተቃዋሚዎቼ

ሦስት መልስ እጠብቃለሁ።

«ስሜ ይታወቅልኛል» የሚል አለ። አይታወቅም። በሚሊዮኖች ፎቶ መሐል ስምህን የሚያነብ የለም። የጋዜጣ የፎቶ አርታኢ ሥራ የሚሰጠው ተከታታይ ሥራ ላሳየውና በኢሜይል ለደረሰው ሰው ነው። አንድን ጉዳይ ለወራት ተከታትለህ ያነሳሃቸው 12 ፎቶዎች፣ ከተበተኑ 3,000 ፎቶዎች ይልቅ ስም ያወጡልሃል።

«ትልልቆቹ የዜና ወኪሎች ሁሉን አይቀጥሩም» የሚል አለ። እውነት ነው፣ አይቀጥሩም። እነሱ ግን በቀን ወይም በፎቶ ከነጻ ሠራተኛ ይገዛሉ፤ መጽሔቶችም፣ የእርዳታ ድርጅቶችም፣ አሳታሚዎችም እንዲሁ። በዓመት ሁለት ፎቶ እንዲህ መሸጥ በዚያ የሳንቲም ሒሳብ ከዓመታት ማውረድ ይበልጣል። መንገዱ ጠባብ ነው። የሰፊው መንገድ መጨረሻ ግን 7 ሳንቲም ነው።

ሦስተኛው ከሁሉ የሚከብደው ነው፦ «እኛ ካልጫንን ፈረንጁ መጥቶ ያነሳናል፣ እሱ ይጭናል፤ ታሪካችንን በእሱ ዓይን ከሚያዩት በእኛ ዓይን ይዩት»። ይህን ክርክር አከብረዋለሁ። ግን መልሱን ተመልከቱ። የእኛ ዓይን ዋጋ የሚኖረው ከነቃሉ ሲሄድ ነው፤ ሴትዮዋ ማን እንደሆነች፣ ለማን እንዳለቀሰች፣ መንደሩ ምን እንደሚባል። መጋዘኑ ቃሉን አራግፎ ፊቷን ብቻ ከሸጠ፣ ያነሳው ፈረንጅ ይሁን አበሻ ለእሷ ልዩነት የለውም።

ስለዚህ ምን ይደረግ?

አንድ። ለዩ። ቡናውን፣ ተራራውን፣ አደይ አበባውን ስቶክ ላይ ጫኑ፤ ሰው አይጎዳም፣ ከተሸጠም ተሸጠ። ዜናውን ግን ከዚያ ጆንያ አውጡ። የተጫነ ካለ ዛሬ ገብታችሁ መርምሩ፤ የሕፃን፣ የተጎጂ፣ የሰልፈኛ ፊት ያለበትን አንሱት።

ሁለት። ዋጋ ራሳችሁ ጥሩ። ለአርታኢ ስትልኩ አነስተኛ መጠን ያለው፣ ስማችሁ የታተመበት ቅጂ ላኩ። «ለአንድ ጊዜ ኅትመት፣ በዚህ ጋዜጣ፣ ለዚህ ያህል ጊዜ» ብላችሁ ጻፉ። «ሁሉም መብት ለአሠሪው» የሚል ውል ሳታነቡ አትፈርሙ። ዋናውን ፋይል በሁለት ቦታ አስቀምጡ፤ ጡረታችሁ እሱ ነው።

ሦስት። መግለጫውን እንደ ፎቶው ተጨነቁበት። ማን፣ የት፣ መቼ፣ ለምን። ሰውየውን ማናገር ከቻላችሁ ስሙን ጠይቁ፣ ስሙ እንዲወጣ ይፈልግ እንደሆነም ጠይቁ። ሕጉ አንቀጽ 28 ላይ «አያስፈልግም» ስላለ ይሉኝታም አያስፈልግም ማለት አይደለም።

አራት። ሚዲያዎች፣ ከነገ ጀምሮ «ምንጭ፦ ማኅበራዊ ሚዲያ» የሚለውን ሰርዙ። የሠሪውን ስም ፈልጉ፣ ደውሉ፣ አስፈቅዱ፣ ጻፉ፣ ትንሽም ቢሆን ክፈሉ። አንባቢም ዝም አትበሉ፤ ስም የሌለው ፎቶ ስታዩ «ማን አነሳው?» ብላችሁ ጠይቁ።

አምስት። ተደራጁ። የ410ሩን አዋጅ ያሻሻለው አዋጅ ቁጥር 872/2007 ባለመብቶች በጋራ አስተዳደር ማኅበር ሮያሊቲ የሚሰበስቡበትን መንገድ ከፍቷል። ሙዚቀኞች የጮሁትን ያህል ፎቶ አንሺዎች አልጮሁበትም። ሃያ ሰው የጋራ ማኅደር ቢከፍት፣ አንድ የዋጋ ዝርዝር ቢያወጣ፣ አንድ ጠበቃ ቢይዝ፣ የውጭም የውስጥም አርታኢ ማንን እንደሚደውል ያውቃል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው።

«ሃርድ ዲስክ ላይ ከሚበሰብስ» ለሚሉት የመጨረሻ ቃሌ ይሄ ነው። የዜና ፎቶ ሃርድ ዲስክ ላይ አይበሰብስም። ቅጂው ከተጠበቀ፣ ቀኑና ስሙ ከተጻፈበት፣ እንደ ጠጅ እየቆየ ነው የሚከብደው። የሚበሰብሰው ስሙ ተፍቆ፣ ቃሉ ተራግፎ፣ ከሚሊዮን ፎቶ ጋር ተቀላቅሎ፣ ለማን እንደተሸጠ ሳይታወቅ በ10 ሳንቲም የወጣው ነው። ያች ሴት ያለቀሰችው ለወንድሟ ነው። ፎቶዋን የያዛችሁ ሰዎች ዋጋዋን አታርክሱባት።

ፎቶ አንሺ ወዳጅ ያላችሁ አጋሩለት። የሚዲያ አለቃ ወዳጅ ያላችሁ ደግሞ በተለይ ለእሱ አጋሩለት።